ምን ይላል?

ሰባት ዓመት ሙሉ የደጃዝማች ወንድይራድ ምላስ ነበርኩ።
በወር ሠላሳ ብር፣ በዓመት አንድ ካኪ ኮት ተቆርጦልኝ
ከወንበራቸው በስተግራ፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ቆምኩ።
ሲዳምኛ በጆሮዬ ይገባል፣
አማርኛ ሆኖ ባፌ ይወጣል፤
መካከሉ ላይ ያለውን ጎዳና
ከኔ በቀር ማን ያውቃል?

አባ ሆጤሶ በየሐሙሱ ይመጣሉ፣
ከሐይቁ ዳር፣ ከሸምበቆው ወዲያ፣
ቡልኳቸውን ደርበው።
በትራቸውን ዘበኛው በር ላይ ያስቀራል፤
ባዶ እጃቸውን አያውቁበትም፣ ሲናገሩ ይንቀጠቀጣል።
«ጋራዥ የሠራችሁበት መሬት
አባቴ የተኛበት ነው።
እንሰቴን ከነሥሩ ነቀላችሁት።
ይኼ ሰው ከሴት አልተወለደም?»
ደጃዝማች ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል፤
«ምን ይላል?»
«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጥላዎ አይራቀን ይላል።»
«ስሙኒ ስጠው።»
አባ ሆጤሶ መዳፋቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፤
መሬት ተናግረው
ስሙኒ ተተረጎመላቸው።

ውሸት አልመሰለኝም።
ቃል እንደ እንሰት ነው እል ነበር፣
ሳይፋቅ አይበላም፣
ሳይቀበር አይበስልም።
ስንቱን ፋቅሁ፣
ስንቱን ቀበርኩ።

ከዚያ ስድሳ ስድስት ገባ።
የአዲስ አበባው ቴሌግራም እያጠረ ሄደ፣
አምስት መስመር፣ ሁለት መስመር፣
በኋላ ቴሌግራፈኛው ራሱ ጠፋ።
ራዲዮው ማታ ማታ ስም ይጠራል፦
እገሌ እጁን ሰጠ፣ እገሌ ይፈለጋል።
ደጃዝማች ነጠላ አስደረቡበት፣
በነጠላው ሥር ሆኖም ይጠራል።
መጀመሪያ እጅ መንሳት የተወው አትክልተኛው ነው፤
ወገቤን አመመኝ አለ።
በሳምንቱ የግቢውን ሰው ሁሉ ወገቡን አመመው።

አንድ ምሽት ሐይቁ ዳር ይዘውኝ ወረዱ።
ጉማሬው ጀርባውን ብቻ አውጥቶ ተኝቷል።
«ደሴት ይመስላል አይደል?» አሉኝ፣
«ሥጋ መሆኑ የሚታወቀው
ውሃው ሲሸሸው ነው።»
ይህን ለማንም አልተረጎምኩትም።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲያንጓጓ
ላንድሮቨር መጣ፤ አንድ የመቶ አለቃ፣ አራት ወታደር።
ደጃዝማች በቢጃማ ወጡ።
ካፖርታቸው ከመስቀያው ላይ የለም።
(ወደዚህ እመለሳለሁ።)
ስማቸው ወንድይራድ፤
ያን ጠዋት የራደው የገዛ ጉልበታቸው ነው።
ብርዱ ነው አልኩ ለራሴ፤
ያንንም ተረጎምኩት።

አባ ዱላ በያዘው ዘበኛ ፈንታ፣
በር ላይ ማንም አልነበረም፤
አባ ሆጤሶ በትራቸውን እንደያዙ ገቡ።
ሐሙስ ነበር ለካ።
ሰልፉን አዩ፣ ቢጃማውን አዩ፣
ቡልኳቸውን ከትከሻቸው አውርደው
በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ።
ደጃዝማች የላንድሮቨሩን መወጣጫ እንደረገጡ
ዞር አሉ፣ እንደ ልማዳቸው፦
«ምን ይላል?»

ሰባት ዓመት የቀበርኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፣
ልናገረው ተዘጋጅቼ።
ሰውየው ያሉት ግን ሌላ ነው።
«ይበርዳቸዋል፣ ቡልኮዬን ስጧቸው ይላል» አልኩ።
ደጃዝማች ፈገግ አሉ፣
ያን ሁሉ ዘመን ያውቁ እንደነበር
ያኔ ገባኝ።
«ዱካለ» አሉ፣ «ዛሬ እንኳ
እውነቱን አትነግረኝም?»

የመቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። በሩ ተዘጋ።
ቡልኮው በሽማግሌው ክንድ ላይ እንደታጠፈ
ዝናብ ጠጣ።

ለአዲሱ አስተዳዳሪም ምላስ ሆንኩ።
ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፤
ግድግዳው ላይ፣ ሥዕሉ በወረደበት፣
ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ።
በጥቅምት፣ ብርድ ሲጠና፣
የደጃዝማችን ካፖርት ለብሼ ገባሁ።
አባ ሆጤሶ መጡ።
ካፖርቱን አዩ፣
እኔን አዩ፣
ቀስ ብለው አንድ ቃል ተናገሩ።

አዲሱ ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና አለ፦
«ምን ይላል?»